አባባ ሳያውቅ የበላው ምሳ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ ዔሊውስ ታክሲውን እንደዚያው ያዘግማል? አክስታችን ሬዲዮስ ጉሮሮዋ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና ከመርከብ ሞተር ጋር ስታገል እየዋልኩ፣ ማታ ዘይት ዘይት እየሸተትኩ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። ቋንቋችንን እየለመደች ነው። ባለፈው በር ላይ አቁማ "ሸተትክ፣ መጀመሪያ ታጠብ" አለችኝ፣ አንዲት ቃል ሳታደናቅፋት።

አባባስ? ስሜን ይጠራል? እውነቱን ንገሪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፣ ደህና ነው በይኝ ብቻ።

እታለሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። በጥር ልንመጣ አስበናል። አባባ ግን ባለቤቴን ከፎቶግራፍ በቀር አያውቃትም፤ ፎቶግራፉንም እንዴት አድርጎ እንደተቀበለው አንቺው ነሽ የምታውቂው። ስለዚህ ቀስ ብለን እናለማምደው። ይህን ደብዳቤ የያዘው የሥራ ባልደረባዬ ለእረፍት ወደ እናንተ እየመጣ ነው። አብሮ የአኩሪ አተር ሶስ፣ የሰሊጥ ዘይትና የመብያ እንጨቶች ልኬልሻለሁ። ባለቤቴ እየበላች ያደገችው ጥቅልል አለ፤ ስስ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመንና ዝንጅብል ገብቶበት በእንፋሎት የሚበስል። አሠራሩን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ተሰብሰቡና ሥሩት፣ አባባም ይብላ። የማን ምግብ እንደሆነ ግን አትንገሪው። ከጣፈጠው በኋላ ይደረስበታል፣ ሰው የበላውን ነገር ለመጥላት ይቸግረዋል።

ስልክ ላይ ይህን ነገር እንዳታነሺው። አባባ የቤቱን ስልክ ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ነው የሚያወራው፣ ሰፈሩ በሙሉ አብሮን ይመካከራል።

ታናሽ ወንድምሽ

ጥቅምት 21 ቀን

ለታናሽ ወንድሜ፤

በያለህበት ጤና ይስጥህ፣ እጅህን ከሞተር አንገትህን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ ከላውንደሪው ጓሮ፣ ካውያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነው። የአንድ ጠበቃ ሸሚዝ አንገቱ እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው፣ ስለዚህ ካጠረብህ በጠበቃው ፍረድ።

ዕቃው ደርሶኛል። ሬዲዮ የሶሱን ክዳን ከፍታ አሽትታ፣ ይህ ለሳል የሚሰጥ ነው ብላ ልትጠጣው ነበር።

እኔና አንተ ግን መጀመሪያ እንነጋገር። አባባ ስምህን አይጠራም። ደህና ነው በይኝ ስላልከኝ፣ ይኸው ደህና ነው፤ ግን ስምህን አይጠራም። ያ ፎቶግራፍ የመጣ ቀን መነጽሩን አድርጎ ቁጭ ብሎ አየው። አንተን አየ፣ እሷን አየ፣ ያንን ጣትህን የዋጠውን የኪራይ ኮት አየ። "እጅጌው ረዝሟል" አለ። ከዚያ ፎቶግራፉን ፊቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ወደ ስፌት መኪናው ዞሮ መስፋቱን ቀጠለ። ለሰርግህ ብሎ ስንት ዘመን ያስቀመጠው ሱፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ብል እንዳይበላው በየጊዜው እያወጣ ያናፍሰው ነበር። አሁን አያወጣውም።

ልቡን ያቆሰለው ማንን እንዳገባህ አይመስለኝም። ሰፈርተኛው ሁሉ ሰምቶ እሱ በፎቶግራፍ መስማቱ ነው። አንድ ቀን ደውለህ "አባባ፣ እንዲህ ያለች ልጅ አግኝቻለሁ" ብትለው ምን ነበረበት? ሁልጊዜም እንዲህ ነህ፤ የሰበርከውን ብርጭቆ ከሶፋ ሥር ደብቀህ እግራችንን የምታስወጋን።

ቅዳሜውን እሺ ብያለሁ። ገንዘብ ልላክ እንዳትለኝ ግን፣ ጎመን መግዛት አያቅተንም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ለምን በጥር? ለጉብኝት ከሆነ ዓመቱ ሰፊ ነው። ምን አጣደፈህ?

እህትህ

ኅዳር 3 ቀን

ለእታለሜ፤

ሰላምታዬ ከያላችሁበት ይድረሳችሁ። ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ነው የምጽፍልሽ። ስለ እጅጌው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም።

መቼ ነው የምትሠሩት? የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመቻችኋል? ሥጋው ሁለቴ መፈጨት እንዳለበት አትርሺ። ሊጡ ስስ ይሁን፣ ጫፉን እንደ ልብስ ሽብሽቦ አድርገሽ እጠፊው። አባባ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ከታች ያለው የአባባ መኝታ አሁንም ፀሐይ ይገባዋል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ወንድምሽ

ኅዳር 17 ቀን

ወንድሜ ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ያለ ሕመም ያለ ችግር ያግኝህ። ለምን በጥር ብዬ ጠይቄህ ስለ ፀሐይ መለስክልኝ። ይሁን፣ አልፌዋለሁ፣ አልረሳሁትም።

ያልከው ቅዳሜ አለፈ። ጠዋት ዔሊውን ከአልጋው ጎትቼ አስነሳሁትና በታክሲው ወጣን። ሬዲዮ የፊቱን ወንበር ይዛ ለትራፊክ ፖሊሱም ለቤንዚን ቀጂውም መንገድ ለሚሻገረውም ሰላምታ ስታድል ሄደች። መጀመሪያ ሥጋ ቤት ገባን። ሁለቴ ፍጭልኝ ስለው ሥጋ ቆራጩ ቢላውን አስቀመጠና ቤታችሁ ጥርስ የሌለው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሬዲዮ ልታስረዳው አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኳት። ለካ ያን ጊዜ ነበር አፏን በጨርቅ ማሰር የነበረብኝ።

አትክልት ገበያው ጭቃ ነው። ጎመኑን እኔ ስመርጥ፣ ዝንጅብሉን ዔሊው ሲመርጥ፣ በመጨረሻ የእሱን ዝንጅብል ሳየው ግማሹ እንጨት ነው፤ ተመልሼ ቀየርኩት። ያልከው ባለ ቀዳዳ የእንፋሎት ድስት ደግሞ በዕቃ ቤቱ ሁሉ የለም። ሻጩ ቀዳዳ ድስት ምን ያደርግላችኋል፣ እኛ ያልተቀደደ ነው የምንሸጠው አለን። የብረት ወንፊት ገዝቼ ቤት ስደርስ ትልቁ ድስት ላይ አስቀመጥኩት፣ እንደተለካለት ልክ ገባ።

አባባ ይህ ሁሉ ምንድን ነው አለኝ። የላውንደሪው ባለቤት እንግዳ ሊጠሩ ነው፣ የውጭ ምግብ ሥሪልኝ ብለውኛል፣ ልሞክረው ነው አልኩት። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁ ማለት ነው፣ ላንተ ስል። እሱም እንግዲህ በርቺ ብሎ ጋዜጣውን ይዞ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ጉዱን ስማ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ እጥፋት ማን ያስተምረኛል ብዬ ጫፉን አንዴ አጠፍኩ፣ ደግሜ ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ የሱሪ እግር እንደሚዘመዘም አድርጌ። ይህ ቤት እንዲህ ነው ያሳደገን፤ አንዴ ብቻ የታጠፈ ይተረተራል። ከድስቱ ሲወጣ ጫፉ እንደ ገመድ ወፍሮ ጥሬ ሊጥ ነው። ሆዱ ደግሞ ተቀዶ ሥጋው ወንፊቱ ላይ ተዘርግፏል። ሬዲዮ ይህ የሚበላ ነው የሚለበስ ብላ ጠየቀችኝ።

አባባ ከጋዜጣው በላይ ሲያየን ቆየና አላስችል አለው። ተነስቶ እጁን ታጠበ። ሊጥ ክር የለውም፣ ምን ያስዘመዝምሻል አለኝ። ጫፉን በውሃ አርጥቦ አንዴ ብቻ እየቆነጠጠ ሸበሸበው። ያ ሰሞኑን የሚንቀጠቀጥበት እጁ ሊጡን ሲይዝ ዝም አለ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። የዔሊውን ፈትቶ እንደገና አሠራው፣ እኔንም እንደ ልጅነቴ ጣቴን መታ መታ እያደረገ አስተካከለኝ። ሲበስል አንድም አልፈረሰ።

በላ። ሶሱ ውስጥ እየነከረ በላ፣ ጨምሪልኝ አለ። በእንጨቶቹ ሞክሮ ሲያቅተው በመርፌ መብላት ይቀላል ብሎ ሳቀ። አባባን ሲስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ መኝታው ገባ።

የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ

ኅዳር 29 ቀን

ለእታለሜ፣ ለቤቱ ምሰሶ፤

ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ደስታው ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በመርፌ መብላት ይቀላል ያለው ጋ ስደርስ እየሳቀች አለቀሰች። ጨምሪልኝ ካለ በቃ፣ ሥራው ተሠርቷል።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። እኔ ደግሞ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ረጅም ጉዞ በሚሄድ መርከብ ላይ ተመድቤአለሁ፣ እምቢ ብል ሥራዬን አጣለሁ። ስለዚህ የምትመጣው እሷ ብቻ ናት። እናንተ ጋ ትወልዳለች፣ እናንተ ጋ ትታረሳለች፣ እኔ እስክመለስ እናንተ ጋ ትቆያለች። ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳት ከታች ያለው የአባባ መኝታ ቢሆንላት ጥሩ ነበር። እሱ ከፎቅ ካንቺ አጠገብ ባለው ክፍል ይተኛል። ጥር ካለፈ አውሮፕላን አያሳፍራትም፣ ስለዚህ ቲኬቷን ለጥር 20 ቆርጫለሁ።

እስካሁን ያልነገርኩሽ ቀድመሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አባባ ከወደደው ምግብ ጀምረሽ ነገሩን ቀስ ብለሽ አድርሺው፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።

ወንድምሽ፣ የልጅ አባት ሊሆን ያለው

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለወንድሜ፤

ጤናህን ይስጥህ፣ የእሷንም የጽንሱንም ጤና አብዝቶ ይስጣት። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ የሚቀጥለውም ከልቤ ነው።

ጎመን ግዢ አልከኝ፣ ገዛሁ። ዋሺ አልከኝ፣ ዋሸሁ። ከጎመኑ በታች አንዲት ሴትና አንድ ሕፃን ደብቀህ ነበር። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። የአባባን አልጋ ሳይቀር ከዚያ ሆነህ ፎቅ አወጣኸው።

አሁን ደግሞ ያላልኩህን ልንገርህ፣ አንተን ሐሰተኛ ብዬ እኔ ጻድቅ መሆን አልችልም። ያን ቅዳሜ አባባ ዝም ብሎ አልነበረም ከገበታ የተነሳው። ሬዲዮ አፏ ሙሉ እንደሆነ፣ "ምራትህ ይህን እየበላች አድጋ ነው መሰለኝ ፊቷ የጠራው" አለችው። አባባ የያዘውን አስቀመጠ። እሷን ሳይሆን እኔን ነው ያየኝ። የላውንደሪው ባለቤት የታሉ አለኝ። ዔሊው ጎንበስ ብሎ ያልወደቀ ነገር መፈለግ ጀመረ።

"ሰው በበር ነው የሚገባው" አለኝ፣ ድምፁን ከፍ እንኳ ሳያደርግ። "በጉሮሮዬ ለምን ታስገቡብኛላችሁ?"

ሳህኑን ራሱ አጥቦ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ አይበላም። ዳቦ ከውጭ ገዝቶ መስፊያ መኪናው ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ይበላል። ሾርባ ወስጄለት ሲቀዘቅዝ መልሼ አወጣዋለሁ። እኔ እናታችን ካረፈች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ጦሙን አሳድሬው የማላውቅ፣ አሁን ደጃፉ ላይ ሰሃን ይዤ እንደ ለማኝ እቆማለሁ። ያንን ልጽፍልህ አፍሬ ነው የቀረውን ሌላ ጊዜ ያልኩህ። ደስ እንዲልህም ፈልጌ ነበር፣ እሱንም ልደብቅህ አልችልም።

ስለዚህ አንተ ጻፍለት። በእጅህ፣ በስሙ፣ ለእሱ ብቻ። "አባባ፣ ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ቤትህን ስጣት" በለው። እኔ ይህን ቃል ተሸክሜ አልገባለትም። እምቢ ካለ ደግሞ እምቢ የሚለው ላንተ ይሁን፣ ልጅቷም ቢያንስ ሻንጣዋን ሳታስር ትወቀው።

እህትህ

ታኅሣሥ 24 ቀን

ለእታለሜ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብትቆጪኝ ይገባል፣ ብትሰድቢኝም ይገባል።

ለአባባ ልጽፍ ተቀመጥኩ። "ይድረስ ለአባቴ" ካልኩ በኋላ እጄ አልሄድ አለ። ያን ሁሉ ዘመን ሳልጽፍለት ኖሬ አሁን ለመለመን ብቻ ብጽፍ ምን ይለኛል? አልቻልኩም፣ እውነቱ ይኸው ነው።

የምንኖርበት ክፍል የኩባንያው ነው። እኔ መርከቡ ላይ ስወጣ ቁልፉን አስረክባለሁ። እሷ እናትም አባትም የላትም፣ ያሳደገቻት አክስቷ አምና ሞታለች። እሷን የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ ባገኝ ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ማታ ማታ አባትህ ምን አሉ ትለኛለች። ቀን እየቆጠረ ይጠብቅሻል እላታለሁ። ስለ ጥቅልሉ እንደገና ንገረኝ ትለኛለች፣ እንደገና እነግራታለሁ። ለሕፃኑ ልብስ የመረጠችው ቀለም አለ፣ እሳቸው ይስፉልኝ ትላለች።

እታለሜ፣ ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ብቻ ነው የምትመጣው በይው። ከገባች በኋላ ሆዷን አይቶ አያስወጣትም፣ አባባን አውቀዋለሁ። ይህችን ብቻ አድርጊልኝ፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ

ጥር 5 ቀን

ለወንድሜ፤

አንተን ማዕበል አያግኝህ፣ ሚስትህን በሰላም ያምጣት። ሦስት ቀን ሙሉ ደብዳቤህን በካፖርቴ ኪስ ይዤ ስዞር ሰነበትኩ። ሁለት ሳምንት ብቻ በይው አልከኝ። ላደርገው ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ። ላውንደሪው ውስጥ እየተኮስኩ ቃሉን እንኳ ተለማምጄው ነበር። ሐሙስ ቀን ቤት ስገባ አባባ የጎረቤታችንን የአናጺውን ሱሪ ጉልበቱ ላይ እየጣፈ ነው፣ አጠገቡ ያችው ደረቅ ዳቦ ተቆርሳ። አፌን ከፍቼ የወጣው ሌላ ሆነ።

ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ምራትህ ልትመጣ ነው፣ ብቻዋን ነው የምትመጣው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ እዚህ ልትወልድ ነው፣ ልጅህ መርከብ ላይ ይሆናል፣ ሊነግርህ የሚገባው እሱ ነበር፣ አልቻለም፣ ሁለት ሳምንት ብለሽ ዋሺልኝ ብሎኛል አልኩት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፣ ካቆምኩ እንደማልቀጥል አውቄ።

መርፌውን ሱሪው ላይ ሰካው። እምቢ ቢል ያች ልጅ በዚያ ሆዷ ሻንጣ ይዛ ደጃችን ላይ ስትቆም ታየኝ። የጠየቀኝ ግን ያላሰብኩትን ነው።

"እናቷስ?" አለኝ።

የላትም አልኩት፣ አባትም የላትም፣ ያሳደገቻትም ሞታለች።

ሱሪውን ወደ ጎን አድርጎ፣ "እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለች?" አለኝ።

ቀን እየቆጠረ ይጠብቅሻል እያለ ነው የሚነግራት አልኩት። ስለ ሕፃኑ ልብስ ያለችውንም ነገርኩት።

መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፣ ሊቆጣ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

"እሷንም ዋሽቷታል" አለ። "እንግዲህ እኔና እሷ አንድ ነን።"

ሌላ አልጨመረም። ተነስቶ መኝታው ገባና የአልጋ ልብሱን ሲያነሳ ሰማሁ። ዔሊው ሊያግዘው ቢሄድ ዞር በል አለው። ቁም ሣጥኑን ባዶ አደረገው፣ መስኮቱን ራሱ ወለወለ። አልጋው ሲጥ ሲጥ ይላል ብሎ አራቱንም እግር እየገለበጠ ሲያጠባብቅ አመሸ። ማታ ሾርባ ወሰድኩለት፣ ተቀብሎኝ ጠጣ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ሬዲዮ እንዳትሰማ።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ማን ሊቀበላት ይሄዳል ተባለ። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። ቋንቋውን ደህና አድርጋ አትሰማም አባባ፣ እኔ አብሬህ ልምጣ አልኩት። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለኝ። ምኑን ብለው፣ "አልጠበቅሁሽም ነበር፤ መምጣትሽን የሰማሁት ሐሙስ ነው፤ አሁን ግን መጥቻለሁ፣ ግቢ እላታለሁ" አለኝ። ከዚህ ቤት የመጀመሪያውን ቃል እውነት ትስማ አለ። ለመንኩት፣ በዚያ ሁኔታዋ ላይ ምን ያደርግላታል አልኩት። ውሸት ላይ አልጋ አልዘረጋም አለኝ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ አንተ ንገራት። ዛሬውኑ፣ ሻንጣዋ ሳይዘጋ። አባባ ምንም አያውቅም ነበር፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ በላት። ከአንተ አፍ ብትሰማው ታለቅሳለች፣ ግን አንተ አጠገቧ ነህ። ማረፊያው በር ላይ፣ በማታውቀው አገር፣ ከማታውቀው ሽማግሌ ብትሰማው ማንን ትይዛለች? ከነገርካት በኋላም መምጣት ከፈለገች ትምጣ፣ ክፍሉ ዝግጁ ነው። እኔ ከእንግዲህ በመካከላችሁ ቃል አላመላልስም። ለአባባ የምትለው ካለህ አድራሻውን ታውቀዋለህ፣ የተወለድክበት ቤት ነው።

ለባለቤትህ የሁላችንም ሰላምታ ይድረሳት። አባባም በስሟ ጠርቶ፣ መንገዱን ያቅናልሽ በይልኝ ብሏታል። ላንተ ምን ልበልለት ብዬ ጠየቅሁት። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ጠበቅሁት፣ ምንም አላለም።

እህትህ